አየር የሚነድበት ከበሮ

ያ ከበሮ ባይበራ ኖሮ ወህኒ የምወርደው እኔ ነበርሁ። መምህሩ አይደለም፣ ረዳቱም አይደለም፤ እኔ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ነገሩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ዛሬ እንደ ጨዋታ ስለሚያወሩት ነው። እነሱ ላይ አልደረሰማ!

የተወለድሁት ከጨንቻ በላይ ካለ ደጋ፣ ከቀጥቃጭ ቤት ነው። በእኛ አገር አራሹ ማላ ይባላል፤ ብረት የሚቀጠቅጠውና ቆዳ የሚፍቀው ደግሞ ደጋላ። ማላው በአባቴ ዶማ ገብሱን ይቆፍራል፣ በአባቴ ቢላ ሥጋውን ይቆርጣል፤ አባቴ ግን የማላውን ደጃፍ አልፎ አይገባም። ቢጠማው ከላይ ወደ መዳፉ ያፈሱለታል እንጂ ዋንጫ አያስጨብጡትም። ደጋላ የማይገባበት ከገባ፣ የማይነካውን ከነካ ጎሜ ነው ይላሉ። ጎሜ ክልክል የፈረሰበት ቤት ላይ የሚወርድ መዓት ነው፤ ልጅ ይታመማል፣ ከብት ይወድቃል፣ ማሳ ይደርቃል። ብረቱ በገበያ ዞሮ ሲመጣ ጎሜ የለበትም። ከእጃችን ትኩሱን ሲቀበሉት ነው ጣጣው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው የለም።

አብዮቱ መጣና አራሽና ቀጥቃጭ እኩል ነው ተባለ። የሰማሁት በቀበሌ አዳራሽ ነው። እሰይ አልሁ። በዚያው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ገብቼ፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ሀ ሁ ቆጠርሁ። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰው «በዚህ በኩል ነፋስ አለ» ብሎ ይነሣል። ክረምቱን ሙሉ ነፋሱ በእኔ በኩል ብቻ ነፈሰ። ማንበቡን ግን ያዝሁት። በፍቅር አልያዝሁትም፣ በንዴት ነው።

ማንበብ በመቻሌና መዶሻ በማወቄ፣ በቆላው ከተማ፣ ከላይኛው ሰፈር ከሼቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ በሚወርደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጠርሁ። ብረት መያዣ ሞርሳ፣ መሞረጃ ሊማ፣ አንድ የደከመ ብረት መቅረጫ ቶርኖ ነበረን። የተሰበረ ወንበር እበይዳለሁ፣ የበር ማጠፊያ እሠራለሁ፤ ማንም አይነካኝም፣ እኔም ማንንም አልነካም። መምህሩ እስኪመጣ ድረስ ኑሮዬ ይህ ነበር።

መምህሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሩሲያ ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው። ከዚያ ሲመጣ ከሻንጣው ይልቅ የሚጠነቀቅለት በካፖርት የተጠቀለለ አንድ ዕቃ ነበር። እዚያ አገር በፋብሪካ እንጨት ለማድረቅ የሚጠቀሙበት፣ በዓይን የማይታይ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ከተቃጠለ ሌላ አይገኝም። ጋሼ እያለ አንተ ይለኛል፤ የከተማ ልጅ አክብሮት እንደዚያ ነው።

«ጋሼ፣ አየር እናነዳለን» አለኝ አንድ ቀን ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ።

«አየሩ ከነደደ ምን ልንተነፍስ ነው?»

ሳቀ። «ትንሽ ብቻ። ገደል ማሚቶ ታውቃለህ?»

«የደጋ ሰው ነኝ፤ እንዴት አላውቅም!»

«ገደሉ ትክክለኛ ከሆነ ድምፅህ ሄዶ ሲመለስ አዲሱን ድምፅ ያገኘዋል፣ ይደራረባል። ሞገዱም እንደዚያው ነው። ልኩን የጠበቀ የመዳብ ገደል ትሠራልኛለህ። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ሲጠራቀም፣ መካከሉ ላይ ያለው አየር ጉልበቱን መሸከም ያቅተዋል። ይሰነጠቃል፤ ይበራል። ያ ፕላዝማ ይባላል። ጠጣር አይደለም፣ ፈሳሽ አይደለም፣ ተራ አየርም አይደለም፤ የመብረቅ ሥጋ በለው።»

«ለምን ይጠቅማል?»

«ለማዳበሪያ። በመብረቅ የተሰነጠቀ አየር ውሃ ውስጥ ሲገባ አሲድ ይሆናል፤ ከአሲዱ ማዳበሪያ ይወጣል።»

ማዳበሪያ የሚለው ቃል ነው ነገሩን ያበላሸው። ቤቱ ሳሎን ውስጥ የሚጫወትበት ዕቃ ቢሆን ማን ግድ ይለው ነበር? ማዳበሪያ ከአየር ይወጣል የሚለው ወሬ የአውራጃው ካድሬ ጆሮ ገባ።

ካድሬው የእኛው አገር ሰው ነው። የአባቱን ማሳ አውቀዋለሁ፤ ማላ ናቸው፣ ደህና ገብስ ያላቸው። በቀበሌ አዳራሽ ቀጥቃጭና አራሽ እኩል ነው ያለውም እሱ ራሱ ነበር። በእሱ ትእዛዝ ከመንግሥት እርሻው የተጣለ አንድ ትልቅ የመዳብ ማሞቂያ በፒክአፕ ተጭኖ መጣልን። መዳብ ያን ጊዜ እንደ ወርቅ ነው። ሲያስረክበን መምህሩን ጨበጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ቀጥቃጭ፣ ይህ መዳብ የሕዝብ ነው። ከበራ የአብዮቱ ድል ነው። ካልበራ አሻጥር ነው። አሻጥረኛ የት እንደሚገባ ታውቃለህ።»

«እኔ መዳቡን ማጎበጥ ነው ጓድ። የሚያበራው መምህሩ ነው።»

«መዳቡን የሚቆርጠው የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው።»

ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ የእርሻው ፓምፕ ተቃጥሎ መካኒኩን ወሰዱት። ፓምፑ ያረጀ ነው ብሎ ቢጮኽም የሰማው የለም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ አያታለሁ፤ በኋላ ስንቁንም አንቀበልም አሏት። የተማረ ሰው ሥራው ሲበላሽበት ምርምር ይባላል። እጁ የጠቆረው ሲበላሽበት አሻጥር ነው። ይህን ለመረዳት ሩሲያ መሄድ አያስፈልግም።

ሠራሁት። ማሞቂያውን ቀድጄ፣ በእሳት አለስልሼ፣ በእንጨት መዶሻ ደልድዬ ጠቀለልሁት። መጋጠሚያውን በቀለጠ ቆርቆሮ አጣበቅሁ። ከታች ጫፉ የታጠፈ ክዳን፣ ከላይ በቡሎን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄድ ክዳን። ውስጡን በጡብ ዱቄትና በሎሚ ፊቴ እስኪታይበት ወለወልሁት። መምህሩ ጭረት አይወድም፤ ሞገዱ ጭረት ላይ ይባክናል ይላል። መምህሩ በሰጠኝ ሥዕል ላይ ረጅም የፈረንጅ ስም ነበረው። እኛ ግን ሁለቱም ወገኑ የተደፈነ ክብ ነገር ስለሆነ ከበሮ አልነው።

ከወርክሾፑ ወደ መምህሩ ላቦራቶሪ አቅፎ የወሰደው ረዳቱ ነው። ይህ ረዳት የማላ ልጅ፣ ጸጥ ያለ፣ ጴንጤ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ እሱም ጥቂት ታስሮ ወጥቷል። «ወንድሜ» ነው የሚለኝ። ሻይ ስጋብዘው ግን ሁልጊዜ አሁን ገና የጠጣ ሰው ነው። ያን ቀን መምህሩ «ቶሎ በል፣ አምጣው!» ሲለው ከበሮው ከእሳት ገና አልበረደም ነበር። እጁን ዘርግቶ ቆመ። ዓይኔን አላየኝም። ከዚያ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ወሰደው።

መጀመሪያ የበራ ቀን ሦስታችን ብቻ ነበርን። መምህሩ ከበሮው ዙሪያ የሽቦ ወንፊት አቆመና «ከዚህ ወዲህ ዝር እንዳትሉ፣ ሞገዱ ካመለጠ ዓይናችሁ እንደ እንቁላል ይቀቀላል» አለን። ማብሪያውን ጫነ። ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። መምህሩ በረጅም ዘንግ የላይኛውን ክዳን ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ጥቂት ወደ ውጭ ያዞራል። ምንም የለም። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በጎን ቀዳዳ አስገብቶ ነካ አድርጎ ሳበው።

ጠቅ አለ። በጎኑ ቀዳዳ በሚታየው፣ ከበሮው መካከል በቆመው የመስታወት ቱቦ ውስጥ ምንም ያልነካው፣ ምንም ያልተቀመጠበት አየር በራ። ሐምራዊ ነው፣ መካከሉ ነጭ፤ እንደ ምላስ ይልወሰወሳል፣ ይጮኻልም። ከሰል የለ፣ ጋዝ የለ፣ እንጨት የለ። ዕድሜዬን ከእሳት ጋር ነው የኖርሁት፤ ማገዶ የሌለው እሳት ግን ያን ቀን አየሁ። አንጀቴ ራሰ። መምህሩ እንደ ሕፃን ዘለለ፣ አቀፈኝም። ረዳቱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልይ ነበር መሰለኝ።

በነጋታው ካድሬው፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ከበሮውን እንደሚያዩ አስታወቀ። የሚመጡበትም ቀን ሩቅ አልነበረም። በዚሁ መካከል የረዳቱ ሴት ልጅ ታመመች። ትኩሳት ነው፤ ወባ ይሆናል። እናቱ ከደጋ ወርዳ አብራው እንደሰነበተች ነገረኝ። «ሐኪም አሳያት» አልሁት። «አሳየኋት፤ ክኒኑን ውጣለች፣ አልለቀቃትም» አለኝ። ሲያወራኝ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነበር። ያኔ ልብ አላልሁትም።

እንግዶቹ ጠዋት መጡ። ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ሁሉም የሚሰግድለት። ካድሬው ከፊት ከፊት ይላል። እኔ ጥግ እንድቆም ታዘዝሁ። መምህሩ ክራባት አስሯል። የገደል ማሚቶውን ምሳሌ ለእነሱም ነገራቸውና ማብሪያውን ጫነ።

ትራንስፎርመሩ ጮኸ። ክዳኑን አዞረ። ሽቦውን አስገብቶ ነካ፣ ሳበ። ምንም።

ደገመ። ምንም።

«ይቅርታ ጓዶች፣ ማስተካከያ ነው» አለ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር አዞረው። ዛሬ ሞገዱ የገባበት አልታወቀም። «የሆነ ነገር ይበላዋል» ይላል ለራሱ። ቶሎ አጠፋው፤ ሞገዱ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ መሣሪያውን እንዳያቃጥለው ፈርቶ ነው።

ወፍራሙ እንግዳ ሰዓቱን አየ። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ። «መምህር፣ በርቷል ብለኸኝ አልነበር?»

«በርቷል ጓድ! በዓይናችን አይተናል!»

«ታዲያስ?»

መምህሩ ወደ ከበሮው አየ፣ ወደ ወለሉ አየ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አየ። «ምናልባት» አለ፣ «ምናልባት መጋጠሚያው ለቆ ይሆናል። ብየዳው።»

ያቀፈኝ ሰው ነው ይህን ያለው። ክፋት አልነበረበትም፤ ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀላሉን ነገር ነው የሚወረውረው።

«ማነው የበየደው?» አለ ወፍራሙ እንግዳ፤ የመጀመሪያ ንግግሩ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልሁ ከጥግ።

ካድሬው በሩ ላይ ለቆመው ጠባቂ አገጩን ነቀነቀለት። ጠባቂው ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበ። የመካኒኩ ሚስት ስንቅ ይዛ የምትቆምበት በር ትዝ አለኝ።

«ብየዳዬ አልለቀቀም» አልሁ። «እንይዝሃለን ካላችሁ ከፍቼ ላሳያችሁና ያዙኝ።»

«ይክፈተው» አለ ወፍራሙ።

ከበሮውን ስነካው ታችኛው ክዳን ሞቋል። ባልበራ ዕቃ ውስጥ ሙቀቱ ከየት መጣ? ዳዶዎቹን ፈታሁ። ክዳኑን ስገለብጠው፣ በታጠፈው ጫፍ ዙሪያ የተጠራቀመ ውሃ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ለብ ያለ፣ ነጣ ያለ ውሃ፤ ወተት ተቀላቅሎበታል። እጥፋቱ ውስጥ አንዲት የርጥብ ሣር ቅጠል ተጣብቃለች።

መምህሩ ውሃውን ሲያይ እፎይ አለ። «ውሃ! ሞገዱን የሚበላው ውሃው ነው! አየሩ ጋ ሳይደርስ ውሃውን ያሞቃል!» ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። እኔ ግን ሣሩን አየሁ። የደጋ ሰው ወተትና ውሃ ቀላቅሎ ርጥብ ሣር የሚነክርበት ምክንያት ለእኔ አይጠፋኝም። የረከሰ ዕቃ የሚነጻበት ነው።

ረዳቱን አየሁት። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

በአገራችን ቋንቋ ጠየቅሁት። «አጠብኸው?»

ወደ ጠባቂው አየ።

«ከእኔ እጅ አቅፈህ ስለወሰድኸው፣ ልጅህ ስለታመመች፣ አጠብኸው?»

«እናቴ ናት...» አለ በዚያው ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማታ ማታ ታለቅስብኛለች። ጠዋት ሳይነጋ... ደርቋል ብዬ ነው፤ እምልልሃለሁ፣ ጠርጌዋለሁ።»

«ንገራቸው።»

«ያስሩኛል። እንደገና ያስሩኛል። ጴንጤ፣ አሁን ደግሞ ኋላቀር ልማድ...»

«አንተ ካልተናገርህ የምገባው እኔ ነኝ።»

እንግዶቹ ቋንቋውን አይሰሙም፤ መምህሩም አይሰማም። ካድሬው ግን ይሰማል። ቃል በቃል ሰምቷል። ዓይኑ መዳፌ ላይ ባለችው ሣር ላይ ተተክሏል።

«ምንድን ነው የሚነጋገሩት?» አለ ወፍራሙ።

ረዳቱን ጠበቅሁት። ልክ ነው፣ ጠበቅሁት፤ ራሱ እንዲናገር ጊዜ ሰጠሁት። አልተናገረም። ጠባቂው አጠገቤ ደርሷል። ስለዚህ በአማርኛ አፌን ከፈትሁ።

«ጓድ፣ ይህ ከበሮ ታጥቧል።»

«ታጥቧል? ማን አጠበው?»

ከእኔ በፊት የመለሰው ካድሬው ነው። «ዓባያ!» አለ እየሳቀ፤ ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። «የሐይቁ ጤዛ ነው ጓዶች። ቆላ እኮ ነው፣ ሌሊት መዳብ ያልበዋል። እርጥበት ነው የሚነጋገሩት። በሉ፣ ከሰል ይምጣና ይድረቅ!»

«በትክክል፣ እርጥበት!» አለ መምህሩ፤ የተወረወረለትን ገመድ ያዘ።

ወፍራሙ እንግዳ ራሱን ነቀነቀ። ጠባቂው ወደ በሩ ተመለሰ። ከሰል መጣ። ክዳኑን በፍሙ ላይ እያገላበጥሁ አደረቅሁት። ገጠምሁት። መምህሩ ሽቦውን አስገብቶ ሳበው፤ ጠቅ፣ ሐምራዊው ምላስ ቆመ። እንግዶቹ ወደ ኋላ ሸሹ፣ ከዚያ አጨበጨቡ። መምህሩ የነደደውን አየር በውሃ ውስጥ አሳልፎ ሰማያዊ ወረቀት ቢነክርበት ወረቀቱ ቀላ፤ አሲድ ነው አለ። ወፍራሙ እንግዳ የመምህሩን ጀርባ መታ መታ አደረገው።

ሲወጡ ካድሬው ወደ ኋላ ቀርቶ ወደ እኔ መጣ። በእኛው ቋንቋ ነው ያናገረኝ።

«ያቺን ሣር ምን አደረግሃት?»

«ኪሴ ውስጥ ናት።»

«ጣላት።»

«ጤዛ ከሆነ ለምን እጥላታለሁ?»

«ነገር አትፈልግ። ከእስር አወጣሁህ አይደል?»

«እኔን ነው ያወጣኸኝ ወይስ እሱን?»

እንግዶቹ የወጡበትን በር አየ። ከዚያ «የእኔም እናት ደጋ ናት፤ ጎሜ ትፈራለች» አለኝ።

«በአዳራሹ እኩል ነን ያልኸው አንተ ነህ።»

«በአዳራሹ ነው ያልሁት» አለና ሄደ። ያን ቀን እውነት የተናገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

መምህሩ ብየዳዬን ስላነሣው ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ የረሳው ይመስለኛል። እንዲያውም የበለጠ ረዘም ያለ ከበሮ እንድሠራለት ሥዕል አመጣ። ሠራሁለት፤ እንጀራዬ ነው። ማዳበሪያው ግን ከሽንት ቤት ጉድጓድ ማውጣት ይቀላል ተብሎ ቀረ፤ ለአንድ እፍኝ የሚሆን አሲድ ከተማውን የሚያጨልም መብራት ይበላል።

ረዳቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ወርክሾፕ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«ወንድሜ፣ ልጄ ዳነችልኝ! ተነሥታ በላች!»

ከከበሮው መታጠብ ጋር አያይዞታል። በአፉ አላለውም፤ ክኒኑንም አላነሣ፣ ጸሎቱንም አላነሣ። ደስታውን ሊያካፍለኝ ነው የመጣው፣ ከልቡ። ከእኔ መታጠቡ ልጁን እንዳዳናት ለእኔው ሊነግረኝ።

«እሰይ» አልሁት። ልጅቱ ምን አደረገች? እሰይ ነው የሚባለው።

እጁን ዘረጋልኝ። የእኔ እጅ በሊማ ብናኝና በዘይት ጠቁሯል፤ ደንቡ ክንድን መስጠት ነው። ክንዴን አልሰጠሁትም። ያንኑ የጠቆረ መዳፌን ሰጠሁት። ጨበጠኝ፣ አጥብቆ ጨበጠኝ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎኝ ወጣ።

ከወርክሾፑ በር ራቅ ብሎ ቧንቧ አለ። አንዳንድ ሰው ያን ጊዜ ፊቱን ያዞራል፤ ላለማየት። እኔ አላዞርሁም። ቧንቧው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቆመ። ወደ ኋላ ዞር አለ። በሩ ላይ ቆሜ እንደማየው አየ። እጁን ወደ ኪሱ ከተተና መንገዱን ቀጠለ።

ባልቆም ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም። ሰው ሲጨብጠኝ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከዓይኔ እስኪጠፋ አየዋለሁ።